አንገትዎን ይታዩልኝ

ይድረስ ለአባባ፣

ለጤናዎ እንዴት ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትንሹ ፊደል ለይቶ የእርስዎን ስም መጻፍ ጀምሯል፤ እህቱ ሁለት ጥርስ ነቅላለች።

እጅዎ መደንዘዙን የሰማሁት ከጎረቤት ነው። በእማማም ጊዜ «ምንም አይደል» ነበር ያሉኝ። እሱን አሁን አላነሳም።

ያ በካሴት ሲያዩት «አረንጓዴው» የሚሉት ጃፓናዊ የትግል ስፖርተኛ ትዝ ይልዎታል? ሚትሱሃሩ ሚሳዋ። የነብር ጭንብሉን አውልቆ፣ እ.ኤ.አ. ጁን 8 ቀን 1990 ቶኪዮ ቡዶካን አዳራሽ ጃምቦ ጹሩታን ያሸነፈው። እ.ኤ.አ. በ2000 ኖኅ የተባለውን የትግል ድርጅት መሠረተ፤ ፕሬዚዳንት ሆኖም ከመድረክ አልወረደም። አንገቱን እያመመው ይታገል ነበር።

ጁን 13 ቀን 2009 ሂሮሺማ ላይ ተጋጣሚው ወገቡን ከኋላ አቅፎ አነሳውና አብሮት ወደ ኋላ ወደቀ። እንዲህ ሲወረወሩ አገጭን ደረት ላይ አጣብቆ፣ ትንፋሽ አውጥቶ፣ በላይኛው ጀርባ ማረፍ ነው፤ ክንድም ተዘርግቶ ወለሉን ይመታል፣ ኃይሉ እንዲከፋፈል። አንገት ቀድሞ ካረፈ የሰውነት ክብደት ሁሉ እሱ ላይ ይወርዳል። ሚሳዋ በአወዳደቅ ስልቱ የተመሰከረለት ነበር፤ ግን የዚያን ምሽት አልተነሣም። በአንገቱ አጥንት ውስጥ የሚያልፈው ሕብለ ሰረሰር ተጎድቶ ሞተ። 47 ዓመት ሊሞላው አምስት ቀን ቀርቶት ነበር። ለእኔ የገደለው የዚያ ምሽት ውድቀት ብቻ አይደለም፤ የዓመታት ዝምታም ነው።

አባባ፣ እባክዎን ወጌሻ አንገትዎን እንዳያጣምም። እጅዎን ያደነዘዘው የአንገትዎ አጥንት ሕብለ ሰረሰሩን ተጭኖት ከሆነ ያ ጥምዘዛ ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ተራ ራጅ አጥንቱን እንጂ ሕብለ ሰረሰሩን አያሳይም፤ ስለዚህ የነርቭ ሐኪም ጋ ሄደው ኤምአርአይ የሚባለው ምርመራ ያስፈልግ እንደሆነ ይጠይቁ። ገንዘቡን ልኬያለሁ፣ ለጣራው እንዳያውሉት። ጤፉን ሌላ ሰው ይሸከም። ትራስዎ አንድ ይሁን፣ አንገትዎን ቀና የሚያደርግ እንጂ የሚያጎብጥ አይሁን። እግርዎ ከተብረከረከ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተዎ ቀጠሮ አይጠብቁ፣ በዚያው ቀን ይሂዱ። ማፈር የለም።

እሑድ ስደውል «ደህና ነኝ» አይበሉኝ። ጠዋት ሸሚዝዎን ራስዎ ይቆልፉና ስንት ቁልፍ እንዳስቸገረዎ ይንገሩኝ።

ልጅዎ