«እየባሰባት ነው» በእንግሊዝኛ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ውድ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። የጎረቤቱንም የኑሮውንም ነገር በስልክ ስለምናወራው እዚህ አልደግመውም። ይህችን በጽሑፍ ያደረግኳት ሰዋስው በስልክ አልሆን ስላለኝ ነው። መስመሩ ይቆራረጣል፣ አንቺ ደግሞ «እሺ እማ፣ ገባኝ» ብለሽ ትዘጊዋለሽ።

ነገሩ ያ ፈረቃ ስትቀያየሩ ስለ በሽተኞቹ በእንግሊዝኛ የምትሰጪው ሪፖርት ነው። ተረኛዋ ነርስ «ከመቼው ጋር ሲተያይ?» እያለች ታስጨንቀኛለች ብለሽኝ ነበር። እኔ ግን ነርሷን አልፈርድባትም። አንቺ ያልሻት «ሺ ኢዝ ኢቲንግ ሌስ» (ያነሰ እየበላች ነው) ብቻ ነው። ከማን ያነሰ? ከትናንት? ከጠዋቱ? ከአልጋ ጎረቤቷ? እንግሊዝኛ ላይ ይህ ሳይነገር ሲቀር ሰሚው ግማሽ ወሬ እንደሰማ ነው የሚቆጥረው።

እኛ ይህ ብዙ አይቸግረንም። «ተሻላት» እንላለን፣ አለቀ። «ባሰባት»፣ «ቀነሰች»፣ «ደከመች»፣ «ከበዳት»፤ ለውጡ እዚያው ግሱ ውስጥ አለ። «እየ» ስንጨምርበት ደግሞ ለውጡ ገና እየሄደ መሆኑ ይገባናል፦ «እየባሰባት ነው»። እንግሊዝኛ ይህን ለሁለት ይከፍለዋል። መጀመሪያ ድርጊቱን ግሱ መጨረሻ ላይ በሚለጠፈው አይ ኤን ጂ (-ing) ያመጣዋል፣ ቀጥሎ ማወዳደሪያውን ከኋላው ያስከትላል። «ጌቲንግ ዎርስ»፣ «ፊሊንግ ቤተር»፣ «ስሊፒንግ ሞር»፣ «ዎኪንግ ስሎወር»። ከዚያ «ዛን» ይመጣና መነሻውን ይነግርሻል፦ «ዛን የስተርዴይ»፣ «ዛን ዩዡዋል»።

ቅደም ተከተሉ ከእኛ ተገልብጧል ማለት ነው። እኛ «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ስንል የምናወዳድርበትን ከፊት አስቀምጠን ፍርዱን መጨረሻ ላይ እንጥላለን። ለዚህ ነው የእኛ ሰው እንግሊዝኛ ሲናገር አፉ ቶሎ ብሎ «ፍሮም» የሚያመጣው። «ቤተር ፍሮም ሂም» ሲባል ያልሰማ ያለ አይመስለኝም፣ እዚያ ዓመታት የኖሩትም ይሉታል። ለማወዳደር ሲሆን የእኛ «ከ» በእንግሊዝኛ «ዛን» ናት፤ «ፍሮም» መንገደኛ ሲነሳ ነው። ደግሞ ቅጽላችን ስናወዳድር ስለማይለወጥ «ሺ ኢዝ ዊክ ዛን የስተርዴይ» ማለት ይቀናናል። ዊክ ሳይሆን ዊከር ነው። በችኮላ ንግግር ያቺ ጭራ ትዋጣለች፣ ስትጽፊ ግን እንዳትረሻት።

አሁን ከአይ ኤን ጂ በኋላ የሚመጣውን ቃል ለመምረጥ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂ፦ የምነግራቸው ስለ ሰውየው ነው ወይስ ስለ ድርጊቱ? «ሉኪንግ»፣ «ፊሊንግ»፣ «ሳውንዲንግ»፣ «ጌቲንግ» ካልሽ የምትገልጪው ሰውየውን ነው፣ ስለዚህ ቅጽል ይከተላል፦ «ሂ ኢዝ ሉኪንግ ሞር ኮንፊዩዝድ ዛን ዚስ ሞርኒንግ»። «ስፒኪንግ»፣ «ኢቲንግ»፣ «ብሪዚንግ» ካልሽ ግን የምትገልጪው ድርጊቱን ነው፦ «ሂ ኢዝ ስፒኪንግ ሞር ክሊርሊ»። ደግነቱ በየቀኑ የምትጠቀሚባቸው አጫጭሮቹ ቃላት፣ ፋስተር፣ ሃርደር፣ ሎንገር፣ ለሁለቱም ያው ናቸው። «ዎኪንግ ስሎወር» ስትዪ «ሞር ስሎውሊ ነው የሚባለው» የሚል ሰው ቢገጥምሽ እሱም አልተሳሳተም፣ በጽሑፍ እሱ ይመረጣል። ሰው ሲያወራ ግን ስሎወር ይላል፣ ማንም ቀና ብሎ አያይሽም።

እዚህ ላይ ግን አንዲት ነገር አጥብቄ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ይቺኛዋ የሰው ነፍስ ላይ ትደርሳለች። «ሃርድ» የሚለውን ቃል እንደ ሌሎቹ «ሊ» ጨምሬ ላሳምረው ያልሽ እንደሆነ ትርጉሙ ይገለበጥብሻል። «ሺ ኢዝ ብሪዚንግ ሃርደር ዛን ዩዡዋል» ማለት ከወትሮው በኃይል እየተነፈሰች ነው ማለት ነው። «ሺ ኢዝ ሃርድሊ ብሪዚንግ» ደግሞ ትንፋሿ ጨርሶ ሊጠፋ ነው ማለት ነው። የመጀመሪያውን ስትሰማ ነርሷ መጥታ ደረቷን ታዳምጣለች፣ ሁለተኛውን ስትሰማ ሕንፃው በሙሉ ይሯሯጣል።

ሌላዋ «ሞር» የምትቆምበት ቦታ ናት። ይህን ሳስተምር ተማሪው ሁሉ እዚህ ሲደርስ ነበር ቀና የሚለው። «ሺ ኢዝ ወሪይንግ ሞር» ስትዪ አሮጊቷ ራሷ ከበፊቱ ይልቅ እየተጨነቀች ነው፣ ስለ ልጆቿ ወይም ስለ ሕመሟ። «ሺ ኢዝ ሞር ወሪይንግ» ስትዪ ግን የተጨነቃችሁት እናንተ ናችሁ፣ ሁኔታዋ አሳሳቢ ሆኗል። ሞር ከኋላ ሲሆን አይ ኤን ጂው ድርጊት ነው፣ ከፊት ሲሆን ቅጽል ሆኗል። ቅጽል የሆነው አይ ኤን ጂ ደግሞ ኢ አር አይለጠፍበትም፣ ሁልጊዜ ሞር ነው፦ «ናይት ሺፍት ኢዝ ሞር ታይሪንግ ዛን ዴይ ሺፍት»። የደከምሽው አንቺ ከሆንሽ ታይሪንግ ሳይሆን ታየርድ ነው። ይህቺን ታውቂያለሽ፣ አልፌያታለሁ።

«ሞር ቤተር» እና «ሞር ዎርስ» የሚባል ነገር ተዪ። የእኛን «የበለጠ የተሻለ» ይዘሽ ስትሄጂ ነው የሚመጣው። ማጠናከር ከፈለግሽ «መች ቤተር» በዪ። እየዋለ እያደረ መባሱን ለመናገር ደግሞ ማወዳደሪያውን ድገሚው፦ «ጌቲንግ ዊከር ኤንድ ዊከር»። ያኔ ዛን አያስፈልግም፣ መነሻው ራሱ በየቀኑ ይቀያየራልና።

ሁለት ድርጊት ስታወዳድሪ በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ቅርፅ ያዢ፦ «ሲቲንግ ኢዝ ኢዚየር ፎር ሂም ዛን ስታንዲንግ»። የእኛው «ከመሞት መሰንበት» እኮ እንደዚያው ነው፣ በሁለቱም ወገን «መ» ቆሟል።

ያቺ የሥራ ባልደረባሽ «ዛን ሚ» ስትዪ «ዛን አይ» ብላ ያረመችሽ ነገር አናዶሻል መሰለኝ። አይናድድሽ። ክርክሩ ከእናንተ መሥሪያ ቤት ይልቃል። ሮበርት ሎውዝ የተባለ፣ በኋላ ጳጳስ የሆነ እንግሊዛዊ በ1762 ባሳተመው የሰዋስው መጽሐፍ ከ«ዛን» በኋላ የሚመጣው ተውላጠ ስም ባልተነገረው ግስ ነው የሚወሰነው ብሎ ነበር፤ ማለትም «ዛን አይ [ዱ]» እንደማለት። የእሱ መንገድ ትምህርት ቤት ገባ፣ ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ «ዛን ሚ» ይላል። እኔ የምመክርሽ ግሱን አውጥተሽ መናገር ነው፦ «ሺ ኢዝ ዎኪንግ ፋስተር ዛን አይ አም»። ማንም አያርምሽም። ትርጉም የሚያምታታበት ቦታም አለና ይጠቅምሻል። «ሺ ላይክስ ዘ ነርስ ሞር ዛን ሚ» ብትዪ፣ ከእኔ ይልቅ ነርሷን ትወዳለች ይሁን ነርሷን በመውደድ እኔን ትበልጠኛለች ይሁን አይለይም።

በመጨረሻው መልእክትሽ «አይ አም ላይኪንግ ዚስ ጆብ ሞር ዛን አይ ኤክስፔክትድ» ብለሽ ጽፈሽ «እማ፣ ላይክ አይ ኤን ጂ አይወስድም ብለሽ አስተምረሽኝ የለም?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ብዬሻለሁ፣ ልክም ነበር። መውደድ፣ ማወቅ፣ መረዳት ድርጊት ሳይሆኑ ሁኔታ ስለሆኑ ብዙ ጊዜ በዚያ መልክ አይመጡም። ነገር ግን ማወዳደሪያ ሲከተላቸው፣ ስሜቱ ቀስ በቀስ እየተለወጠ መሆኑን ሲያሳዩ፣ ተናጋሪው ይፈቅድላቸዋል። «አይ አም አንደርስታንዲንግ ሞር ኤቭሪ ዴይ» ይባላል። «አይ አም ኖዊንግ» ግን አሁንም አይባልም፣ እሱን አትሞክሪው። ስለዚህ ዓረፍተ ነገርሽ ትክክል ነው፣ ይዘቱም ደስ ብሎኛል፤ መጀመሪያ ሰሞን እያለቀስሽ ስትደውዪ አባትሽ እንቅልፍ አጥቶ ነበር።

ስለ ሪፖርቱ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። «ዛን የስተርዴይ» የምትዪው ትናንት አንቺ ራስሽ ካየሻት ነው። ዕረፍት ላይ ከነበርሽ መዝገቡን ገልጠሽ እዚያ ከተጻፈው ጋር አወዳድሪ። «ሌስ» የሚለውም ቢሆን ብቻውን መጠኑን አይናገርም፤ ግማሽ ሳህን በላች፣ አንድ ኩባያ ውኃ ብቻ ጠጣች ብለሽ ብትጨምሪበት ነርሷ መልሳ አትጠይቅሽም።

የሚቀጥለውን ሪፖርት ከማስረከብሽ በፊት ላኪልኝ፣ አይቼ በቀይ ምልክት አድርጌ እመልስልሻለሁ። የበሽተኞቹን ስም ግን አውጪው። ጃኬት መግዛትሽንም ንገሪኝ፣ እዚያ ብርዱ «ጌቲንግ ኮልደር» ነው ብለሽኛል።

እናትሽ