የመጀመሪያው ችሎት፦ ሰዓቱን አትለፉት

ሰላም ውድ የቡድናችን አባላት፣

አብረን የጀመርነው «ፊኒክስ ራይት፦ ኤስ አተርኒ» የጃፓኑ ኩባንያ ካፕኮም እ.ኤ.አ. በ2001 ጃፓን ውስጥ ጌም ቦይ አድቫንስ ለተባለው በእጅ የሚያዝ መጫወቻ ያወጣው፣ ተጫዋቹ ተከላካይ ጠበቃ የሚሆንበት ጌም ነው። የመጀመሪያውን ችሎት ያልጨረሳችሁ እዚህ ላይ አቁሙ፤ ፍቺው ከታች ተጽፏል።

ላሪ በትዝ ፍቅረኛው የነበረችውን ሲንዲ ስቶንን ገድለሃል ተብሎ ተከሷል። ምስክሩ ሳውዊት ሬሳዋን ያገኘሁት (በእኛ አቆጣጠር) ከቀኑ 7 ሰዓት ነው ይላል። የአስከሬን ምርመራው ደግሞ የሞተችው ከ10 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው ይላል። ምስክሩ ሰዓቱን ከቴሌቪዥን ሰማሁ ሲል መብራት ጠፍቶ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ አለ። ከዚያ ወዲያ «የጠረጴዛው ሰዓት» አለና ራሱን አጋለጠ። ዕቃው ሲያዩት ሐውልት ነው፤ ሰዓትነቱ የሚታወቀው ሲናገር ብቻ ነው። ድምፁን የሰማ ሰው ቤቷ ገብቷል ማለት ነው።

እኔን ይበልጥ የማረከኝ ግን የሦስት ሰዓቱ ልዩነት ነው። ሲንዲ ከፓሪስ የተመለሰችው በዋዜማው ነበር፤ ፓስፖርቷ ይመሰክራል። ፓሪስ ታሪኩ ከሚካሄድበት ቦታ በዘጠኝ ሰዓት ትቀድማለች፤ ጠዋትና ማታ ለማይለይ ሰዓት ደግሞ ዘጠኝ መቅደምና ሦስት መዘግየት አንድ ናቸው። ግሩም አሠራር ነው!

በሁለተኛው ክስ የወንጀሉን ቦታ መመርመርም ይጨመራል። እያንዳንዱን የምስክር ቃል አጥብቃችሁ ጠይቁ፤ የተሳሳተ ማስረጃ ማቅረብ ግን ያስቀጣል። እባካችሁ ሁላችንም ሳንጨርስ የሁለተኛውን ክስ ገዳይ ስም እዚህ አትጻፉ።