ክረምቱ ሳይገባ ለመምህራን ቤት ጣሪያ የድጋፍ ጥሪ

ውድ ወላጆች፣ የቀድሞ ተማሪዎቻችን፣ የሠፈራችን ሰዎች፣ እንደምን ከርማችኋል? አዎ፣ ደግመን መጣን። «አሁንም ገንዘብ?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኛም ብንሆን መለመን ሰልችቶናል። ግን ሰኔ ደርሷል፣ እዚህ ባሕር ዳር የትምህርት ቤታችን ሴት መምህራን የሚኖሩበት የመምህራን ቤት ደግሞ ጣሪያ የለውም።

ወሬው ላልደረሳችሁ፦ በዚህ በግንቦት መጀመሪያ ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ከጣና ሐይቅ በኩል ከነነፋሱ መጣ። የጓሮውን ወገን ቆርቆሮ ገንጥሎ አጥሩ ላይ ጣለው። በሌላው ወገን ወራጁ ተሰብሮ ኮርኒሱን ይዞት ወረደ። ሁሉም ክፍል ውስጥ እያስተማሩ ስለነበር ማንም አልተጎዳም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በማግስቱ ስንሄድ የባዮሎጂዋ ቲቸር የ9ኛ ክፍል ደብተሮችን በልብስ ገመድ ላይ በመቆንጠጫ ሰቅላ ታደርቃለች። ቀይ እስክሪብቶው ፈሶ ማን ስንት እንዳገኘ አይለይም። «ደስ የሚላቸው ልጆች አሉ» አለችን እየሳቀች። ፍራሿ ግን እስካሁን አልደረቀም።

ዘንድሮ ልጆቻችሁን ያስገባችሁ ወላጆች ይህ ቤት ለምን እንዳስፈለገ ላታውቁ ትችላላችሁ። ብዙዎቹ ሴት መምህሮቻችን ከሌላ አካባቢ የመጡ ናቸው። የባሕር ዳር የቤት ኪራይ ምን እንደደረሰ ለእናንተ አንነግርም። ቤቱ ሳይሠራ በፊት አንዲት ጥሩ መምህርት አግኝተን፣ ልጆቹ ሲለምዷት፣ ኪራይ አቅቷት ትሄድ ነበር። ቤቱ ከተሠራ ወዲህ ግን በዚህ ምክንያት የሄደብን የለም። የምንኮራበትም ይኸው ነው።

ከደወል በኋላ ያለውን ኑሯቸውን ያየ ሰው ደግሞ ቤቱ ማደሪያ ብቻ እንዳልሆነ ይገባዋል። የሒሳብ መምህርታችን ከክፍል ወጥታ ሠፈር ውስጥ ልጆች ታስጠናለች፤ ያንን ለታናሽ ወንድሟ መማሪያ ትልካለች። በዚያ ላይ የዕቁቡ ዳኛ እሷ ናት፤ ዕጣ ያልወጣለት ያኮርፋታል። ኬሚስትሪዋ ቅዳሜና እሑድ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ትውላለች። አማርኛ የምታስተምረው የዘጌ ልጅ ናት። ሲመቻት በጀልባ ተሻግራ እናቷን ጠይቃ ቡና ይዛ ትመለሳለች፤ ያ ቡና ሲቆላ የጎረቤት ሰው ሁሉ ሰበብ ፈልጎ ብቅ ይላል። የረመዳን ማፍጠሪያ ሾርባም፣ የሁዳዴ ሽሮም የሚሠራው በዚያችው አንዲት ማድቤት ነው። ትምህርት ቤቱ የካቶሊክ ነው፤ ቤቱ ግን የሁላችንም ነው።

ከ11 ሰዓት በኋላ ሳሎኑ የልጆች ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠቱን ታውቃላችሁ። ልጆቻችን ከቤት ወጥተው፣ በማያውቁት ቦታ አድረው ነው የሚፈተኑት። ስለዚህ መምህራኑ ሳሎኑ ውስጥ ሰዓት ይዘው እንደ እውነተኛ ፈተና ያለማምዷቸዋል። ለዚህ ማንም አምስት ሳንቲም አይከፍላቸውም። አሁን ሳሎኑ ላይ ሸራ ወጥረናል፤ መምህራኑ ደግሞ የቤተ መጻሕፍቱ ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፈው ያድራሉ። ማታ ማታ ማስጠናቱን ግን አላቋረጡም።

እንግዲህ ስለ ገንዘቡ። «መጀመሪያውኑ ጣሪያውን በደንብ ብትሠሩት ኖሮ» የሚል ነገር ሰምተናል። ባለፈው የተዋጣው ብር ብሎኬቱን አቁሟል፣ መብራት አስገብቷል፣ መጸዳጃ ቤቱን ሠርቷል፣ ሮቶውን አስቀምጧል። ያኔ ሴት ልጅ በጨለማ ጄሪካን ተሸክማ ከግቢ ውጭ ውኃ ትቀዳ ነበር። ውኃ ይቅደም ብለን ወሰንን፤ ዛሬም ብንሆን ያንኑ እንወስናለን። ጣሪያውን በነበረን ብር በባሕር ዛፍ ሠራነው፣ ምስጥም በላው። ደረሰኙ ሁሉ በፋይል ተቀምጧል፤ ማየት የፈለገ በሥራ ሰዓት ይምጣ፣ ሲስተር ጋ ነው ያለው። «ካቶሊክ ስለሆነ ከፈረንጅ አገር ይመጣላቸዋል» የምትሉም አላችሁ። አይመጣም። ሲስተሮቹ ራሳቸው በጓሮ ጎመንና በላሞቻቸው ወተት ነው የሚኖሩት።

ጣሪያውን ለማደስ መዋጮ የጀመርነው ቀደም ብለን ነበር። በነሐሴ 2015 የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ በቴሌግራም ቃል የገቡልንን ሰዎች ማግኘት አቃተን። ሰውም ባለው ሁኔታ ሐሳቡ ሌላ ላይ ነበር፤ አንፈርድም። ከዚያ በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ዋጋ ይመራ ተባለና የብረቱም የቆርቆሮውም ዋጋ በየሳምንቱ ይቀያየር ጀመር። የያዝናት ብር ባንክ ተቀምጣ አቅሟ ሟሸሸ።

አሁን የሚያስፈልገን 90 ቆርቆሮ፣ ለወራጅና ለማገር የሚሆን ቱቦላሬ፣ ሚስማርና የሠራተኛ ዋጋ ነው። ባለ 35 ጌጅ ቆርቆሮ ይረክሳል ብላችሁ የመከራችሁን አላችሁ፤ እናመሰግናለን። ግን ስስ ነው፤ ከጣና የሚመጣውን ነፋስ አይችለውም። ወፈር ያለው ባለ 28 ይሁን ብለናል። እንጨቱንም ትተን ብረት ያደረግነው ምስጥ እንዳይደግመን ነው። አንድ ሰው አንድ ቆርቆሮ ቢችል አንዱን ያልብስልን፤ ያልቻለ ከጎረቤቱ ጋር ለሁለት ይግዛ። ከተማችን በግንቦት 2016 የተመረቀው 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ አለው፤ ቅዳሜ ማታ ፎቶ ልንነሳበት እንሄዳለን። 90 ቆርቆሮ አቃተን ቢባል አያምርብንም።

የከፈላችሁ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ለሌሎች እንድገመው። ሒሳቡ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በኮሚቴው ስም የተከፈተ ነው፤ በማንም ግለሰብ ስም አይደለም። ቁጥሩ ማኅተም ባረፈበት ደብዳቤ ላይ አለ። ደብዳቤው የግቢው በር ላይ ተለጥፏል፣ በየክፍሉ የወላጆች ቡድንም ተልኳል። በቴሌብር የምትልኩም ከዚያው ደብዳቤ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ ተጠቀሙ። ስልክ ደውሎ «በእኔ ቁጥር ላኩ» የሚል ካለ እኛ አይደለንም፤ እባካችሁ ዝጉበት። ስትልኩ ምክንያቱ ላይ «ለጣሪያ» ብላችሁ ጻፉ። ካልጻፋችሁ ከትምህርት ቤት ክፍያ ጋር ይደባለቅብናል። ርዕሰ መምህሯ፣ የወላጅ ተወካይና የመምህራን ተወካይ ሦስቱ ካልፈረሙ አንድ ብር አይወጣም።

ጾምና ምጽዋት እንደማይለያዩ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የሚሄድ ሁሉ ያውቀዋል። ዘካ የምታወጡ ወንድሞችና እህቶች አላችሁ፤ አሥራት የምታወጡም አላችሁ። ከዚህ ቤት የወጡ ነርሶች፣ መሐንዲሶች፣ የባንክ ሠራተኞችና መምህራን አሉ። እናንተ ማታ ማታ ማን እንዳስጠናችሁ አትረሱም።

ገንዘብ ያጠረው ጉልበት ያምጣ። ቆርቆሮው ተገዝቶ እንደገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ የተሰበረውን እናወርዳለን። ጓንት ያለው ጓንት፣ መሰላል ያለው መሰላል ይዞ ይምጣ። ምሳ መምህራኑ ይሠራሉ፤ ቡናውም የዘጌ ነው። የምትልኩ ግን ቅዳሜን አትጠብቁ፤ ዋጋው ሳይጨምር ቆርቆሮውን መግዛት አለብን። ንግድ ባንክ፣ በኮሚቴው ስም፣ በበሩ ላይ ባለው ቁጥር፤ ምክንያቱ ላይ «ለጣሪያ»።

የመምህራን ቤት ጣሪያ ኮሚቴ፣ ባሕር ዳር