ለወዳጄ፦ ስለ ናዳና ስለ ግግር በረዶ

አዳማ

ይድረስ ለምወድህ ወዳጄ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። መጥፋቴን አውቃለሁ፤ ቅያሜህን ስንገናኝ ቡና ላይ እንጨርሰዋለን። አሁን ተማሪዎችህን ይዘህ አርሲ ውስጥ ያለው ባዳ ተራራ ከመውጣትህ በፊት፣ «ሞሬን ባየን ቁጥር ያኔ አየሩ ቀዝቅዞ ነበር ማለት ነው ወይ?» ብለህ የጠየቅኸኝን ልመልስልህ።

ሞሬን፣ ማለትም ግግር በረዶ (ከተራራ ቀስ እያለ የሚወርድ የተጠራቀመ በረዶ) ተሸክሞ ያወረደው የድንጋይ ክምር ስናይ «ያኔ አየሩ ቀዝቅዞ ነበር» ማለት ይቀናናል። ይህ ሁልጊዜ አይሠራም። ገደል ተንዶ በረዶው ላይ ከተኛ፣ አየሩ ሳይቀዘቅዝም ግግሩ ወደፊት ሊገፋ ይችላል።

ግግሩን የሚገፋው የናዳው ክብደት ነው እንዳትል። ሁለት ሜትር ውፍረት ያለው ፍርስራሽ በካሬ ሜትር አራት ቶን ገደማ ይመዝናል፤ አራት ሜትር ተኩል በረዶ ማለት ነው። ውፍረቱ 200 ሜትር ለሆነ ግግር ይህ ከቁጥር አይገባም። ቁም ነገሩ ሙቀት መከልከሉ ላይ ነው። ሁለት ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ስስ ሽፋን ጥቁር ስለሆነ ፀሐይ ስቦ መቅለጡን ያፋጥናል። እየወፈረ ሲሄድ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ከአንድ ሜትር ሲያልፍ መቅለጡ ሊቆም ምንም አይቀረው። በዓመት አምስት ሜትር ይቀልጥ የነበረ ቦታ ሳይቀልጥ ከቀረ፣ የአንድ ዓመት ትርፉ ብቻ ከፍርስራሹ ክብደት ይበልጣል። በረዶው ከላይ መውረዱን አያቆምም፣ ከታች ግን አያልቅም፤ ስለዚህ ይወፍርና ጫፉ ይገፋል።

አላስካ ውስጥ በ1964 እ.ኤ.አ. በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የተናደ ተራራ ሸርማን በተባለው ግግር ላይ 8 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሸፈነ። ሲያፈገፍግ የነበረው ግግር ከዚያ በኋላ ወደፊት መሄድ ጀመረ። በአልፕስ ተራሮች፣ በሞን ብላን ጥግ ያለው ብሬንቫ የተባለው ግግርም ከ1920 እ.ኤ.አ. ናዳ በኋላ ጎረቤቶቹ ሲሸሹ እሱ ገፍቷል።

ጊዜውም ያሳስታል። ናዳው በረዶ በሚጠራቀምበት ላይኛው ክፍል ከወደቀ ይቀበርና በግግሩ ሆድ ይጓዛል። በዓመት 100 ሜትር የሚሄድ ግግር አምስት ኪሎ ሜትር ለመጨረስ 50 ዓመት ይፈልጋል። ሞሬኑ ሲሠራ ናዳው ተረስቷል።

መለያውስ? የናዳ ድንጋይ ስለታም ጠርዝ አለው፤ በረዶው ሥር የተፈጨው ግን ጠርዙ የተሸራረፈና ጭረት ያለበት ነው፣ በደቃቅ ዱቄትም ተለውሶ ይገኛል። ተሰነጣጥቆ ሳይበታተን የቀረ ቋጥኝ ካገኘህ ናዳን ጠርጥር። ኒው ዚላንድ ውስጥ ዋይሆ ሉፕ የተባለው ሞሬን የቅዝቃዜ ምልክት ተደርጎ ሲጠቀስ ኖሮ፣ አብዛኛው ስለታም የአሸዋ ድንጋይ ሆኖ መገኘቱ ክርክር አስነሳ፤ በአካባቢው ያሉት ሌሎች ሞሬኖች በዓለት ዓይነትም በድንጋይ ቅርጽም ይለያሉና። እኛ ጋ ግን ይህ የዓለት ዓይነት ብልሃት ብዙም አይረዳም፤ አርሲም ባሌም ያው እሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። የድንጋዩን ቅርጽና ደቃቁን ማየት ግድ ነው። ውርጭም ድንጋይን ስለታም አድርጎ ስለሚሰብር፣ ከላይ ያለውን ብቻ አትመን፤ ግማሽ ሜትር አስቆፍር፣ ከዚያ 50 ድንጋይ ሳትመርጥ አንስተህ ስንቱ ስለታም፣ ስንቱ የተሸራረፈ እንደሆነ አስቆጥራቸው። ገደሉ ሥር ካለው ድንጋይም ሌላ 50 ውሰድና አወዳድር።

የሞሬኑን ዕድሜ፣ ማለትም የቋጥኙ ፊት ለሰማይ ከተጋለጠ ስንት ዓመት እንደሆነው ለማስለካት ናሙና የምትወስድ ከሆነ ጉድጓዳማና ጎርባጣ የሆነውን ክምር ተወው። ከሥሩ የተቀበረ በረዶ ነበረ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ያ ሲቀልጥ ቋጥኙ ይገለበጥና ዕድሜው ከእውነቱ ያነሰ ሆኖ ይወጣል።

ለቤተሰብህ ሁሉ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

ወዳጅህ