አባትም ደረት አለው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ያለ ጊዜያቸው ስለሚወለዱ ሕፃናት ሲወራ ሁሌ የሚነሳው የማሽን ነገር ነው። ይህን ያህል ማሞቂያ ተለገሰ፣ ይህን ያህል ኢንኩቤተር ገባ። እሰየው፤ ይግባ። እኔ የምጽፍላችሁ ግን በር ላይ ስለሚቀረው ሰው ነው።

ልጄ የተወለደችው በ31ኛው ሳምንት ነው። 1,350 ግራም። ባለቤቴ ደም ግፊቷ አልወርድ ስላለ በቀዶ ሕክምና ተገላገለች። እሷ ሦስተኛ ፎቅ ተኛች፣ ልጅቷ ምድር ቤት የጨቅላ ሕፃናት ፅኑ ሕክምና ክፍል ገባች። እኔ ደረጃው ላይ ቀረሁ። በሩ ላይ «ከእናት በስተቀር መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። እናትየው ደግሞ ከአልጋ መነሳት አትችልም። ሦስት ቀን ሙሉ ልጄን ከነርሶቹ በቀር የነካት ሰው የለም። የእኔ ሥራ ፋርማሲ መሮጥ ነበር። «የእገሊት ቤተሰብ!» ተብሎ ሲጠራ ልቤ ቀጥ ይላል። መርዶ ነው ብዬ እሮጣለሁ፤ ዳይፐር ግዛ ነው።

አማቴ «የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፣ የሚያስፈራው የስምንቱ ነው» እያሉ ያጽናኑኝ ነበር። ሐኪሞቹ ይህን አይቀበሉም፤ ልጅ ማህፀን ውስጥ በቆየ ቁጥር ይሻለዋል። ያን ሰሞን ግን ያገኘሁትን ማጽናኛ ሁሉ ስይዝ ነበር።

በአራተኛው ቀን ነው አንዲት ሲስተር «ና እስቲ ወንድሜ፣ ሸሚዝህን ክፈት» ያለችኝ። ሰዓቴንና ቀለበቴን አስወለቀችኝ። እስከ ክርኔ በሳሙና አስታጠበችኝ። ልጅቷን ከዳይፐር፣ ከኮፍያና ከካልሲ በቀር እርቃኗን ደረቴ ላይ ቀጥ አድርጋ አስደገፈቻት። ጭንቅላቷን ወደ ጎን መለሰች፣ እግሯን እንደ እንቁራሪት አጠፈች፣ ከዚያ ሁለታችንን በነጠላ ጠፍራ አሰረችን። «አገጯ ደረቷ ላይ እንዳይወድቅ፣ ትታፈናለች። መተንፈስ ከረሳች የእግሯን መዳፍ ነካ ነካ አድርግላት። ከንፈሯ ከጠቆረ ጥራኝ» አለችኝ። ለካ እንዲህ ቀድሞ የተወለደ ልጅ መተንፈስ ይረሳል!

ወተት መስጠትም ያስተማረችኝ እሷ ናት። ባለቤቴ ከላይ አልባ የምትልከውን እንገር በአፍንጫዋ በገባው ቀጭን ቱቦ ነው የምንሰጣት። ሲሪንጁን ከፍ አድርጎ መያዝ እንጂ መግፋት የለም፤ በራሱ ይወርዳል። መጀመሪያ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በሳምንቱ ለመደ።

ይህ ልጅን ደረት ላይ አስሮ ማቀፍ የካንጋሮ እንክብካቤ የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ኮሎምቢያ ቦጎታ፣ ማሞቂያ አልበቃ ሲል ተጀመረ። ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ የጥቁር አንበሳ ሐኪሞች ከሃያ ዓመት በፊት ጥናት ሠርተውበታል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ከጋና፣ ከሕንድ፣ ከማላዊ፣ ከናይጄሪያና ከታንዛኒያ ሆስፒታሎች የወጣ ጥናት አለ። ሕፃኑ እስኪረጋጋ ማሞቂያ ውስጥ ከማቆየት ይልቅ ወዲያው እንደተወለደ ደረት ላይ ማድረግ ሞትን በሩብ ያህል ቀንሷል። በዓመቱ የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይደረግ አለ። እስቲ ንገሩኝ፣ ስፌቷ ያልደረቀ አራስ ብቻዋን እንዴት አድርጋ ነው 24 ሰዓት የምትችለው? አባት አለ፣ አያት አለች፣ አክስት አለች።

ነርሶቹ የሚሉትም እውነት አለው። ክፍሉ ጠባብ ነው። ጡታቸውን ገልጠው የተቀመጡ እናቶች መሃል ወንድ ሲገባ ያሳፍራል። ግን መጋረጃ ከኢንኩቤተር ይረክሳል። ኢንፌክሽን ይገባል ለሚለውም፣ እኔን እንዳስታጠቡኝ ሌላውን ማስታጠብ ነው።

ሌላው ፈቃድ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአባት የሚሰጠው ሦስት ተከታታይ ቀን ነው። የእኔ ሦስት ቀን ደረጃው ላይ አለቀ። ልጄን ያቀፍኩት አለቃዬን ለምኜ፣ ከዓመት ፈቃዴ አስቀንሼ ነው። ልጁ ፅኑ ሕክምና ለገባ አባት ቀኑ ቢጨመር፣ ጤና ሚኒስቴርም «አባት ጠያቂ አይደለም» ብሎ ለሆስፒታሎቹ ቢጽፍ ምን ይጎዳል?

በ29ኛው ቀን በ1,720 ግራም ወጣን። በዚያው ቀን ከሩቅ የመጣች አንዲት እናትም መንታ ልጆቿን ይዛ ወጣች። የልጆቹን አያያዝ ትምህርት ያገኘችው የዚያን ዕለት ጠዋት ነው፣ አሥር ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ፣ ማንበብ በማትችለው ወረቀት ጭምር። ባሏ ሁለት ሳምንት አጥር ሥር አድሮ ልጆቹን አንድም ቀን አላቀፈም። ሁለት ልጅ ደግሞ ሁለት ደረት ይፈልጋል። ግቢው በር ላይ ጋቢውን ተቀብዬ እንደ ልጅ ጠቅልዬ ደረቱ ላይ አስደገፍኩና የነጠላውን አስተሳሰር ማሳየት ጀመርኩ። ሳንጨርስ ጥበቃው መጥቶ «እዚህ መቆም አይቻልም» አለን።

አንድ አባት
ከአዲስ አበባ