ቡዲ ሆሊ ሞቱ ብቻ ነው እንዴ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

አሜሪካዊው የሮክ ዘፋኝ ቡዲ ሆሊ በተነሳ ቁጥር ወሬው ሁሉ ስለሞተበት የአውሮፕላን አደጋ ነው። እርግጥ በ1959 እ.ኤ.አ.፣ ገና በ22 ዓመቱ መቀጨቱ ያንገበግባል። ግን ልጁ እኮ ከጥጥ አገሯ ሉበክ፣ ቴክሳስ ተነስቶ ዘፈኑን ራሱ የሚጽፍ ሮከር ነበር፤ ያኔ ብዙም ያልተለመደ ነገር! በኋላ በቢትልስ ባንድ የታወቁት እነ ጆን ሌነንና ፖል ማካርትኒ በ1958 ስቱዲዮ ገብተው መጀመሪያ የቀረጹት የእሱን ዘፈን ነው።

ሉበክ በስሙ ሙዚየም አላት። በረዶው ሲቀልጥ ከአደጋው ቦታ የተገኘው ወፍራም ጥቁር መነጽሩም እዚያ አለ። ደግ አደረገች። እኔ ግን መነጽሩ ፊት ቆሞ ከንፈር ከሚመጥ ጎብኚ ይልቅ ጊታር የሚማር የሰፈር ልጅ ቢበዛ ደስ ይለኛል። የመታሰቢያው ገንዘብ ወደዚያም ዞር ቢልስ?

አንባቢያችሁ፣ ከዳላስ