የቅዳሜው ማዳመጫችን፦ ኢምፕሬሽንስ

ሰላም ቤተሰብ! የፊታችን ቅዳሜ ተራው የአሜሪካዎቹ የቺካጎ የሶል ሙዚቃ ድምፃውያን ቡድን የኢምፕሬሽንስ ነው፦ ከርቲስ ሜይፊልድ፣ ፍሬድ ካሽ እና ሳም ጉደን። የ1964ቱን «ኪፕ ኦን ፑሺንግ» እና የ1965ቱን «ፒፕል ጌት ሬዲ» (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) አስቀድማችሁ ስሙልኝ። የአሜሪካ ጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ጣዕም አላቸው፤ የሲቪል መብት ታጋዮችም የራሳቸው አድርገዋቸው ነበር።

ስትሰሙ ጆሯችሁን ቅብብሉ ላይ ጣሉ። አንዱ ስንኙን ይጀምራል፣ ሌላው ከአፉ ነጥቆ ይቀጥላል፣ ከዚያ ሦስቱም አንድ ላይ ይገባሉ። ከርቲስ በዚያ ቀጭን ድምፁ አይጮህም። ለኔ ከጩኸት በላይ አንጀት የሚበላው እሱ ነው። ጊታሩንም (ራሱን በራሱ ነው ያስተማረው) የሚቃኘው በፒያኖ ጥቁር ቁልፎች ልክ ነበር።

የጥቁሮችን ኩራት የሚያውጀው «ዊ አር ኤ ዊነር» («አሸናፊዎች ነን») የተባለው ዘፈናቸው ግን ለአንዳንድ ሬዲዮ ጣቢያዎች ከበዳቸው፤ አናጫውትም አሉ። እሱን መጨረሻ ላይ ድምፁን ከፍ አድርገን እንሰማዋለን። ደህና ስፒከር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።